ወርቃማ ላገር፦ ቀለሙ አንድ፣ አሠራሩ ብዙ

ኢትዮጵያ ውስጥ በጠርሙስም ሆነ በድራፍት ከሚሸጠው ቢራ አብዛኛው ዓይነቱ አንድ ነው፤ ወርቃማ ላገር፣ ማለትም በቅዝቃዜ ፈልቶ በቅዝቃዜ የሚቆይ ቢራ። ጊዮርጊስ፣ ሐበሻ፣ ዳሽን፣ ዋልያ፣ ሐረር በስምና በፋብሪካ፣ አንዳንዶቹም በባለቤት ይለያያሉ እንጂ በዓይነት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በየግሮሰሪው «ይሄኛው ይከብዳል፣ ያኛው ይቀላል» እየተባለ የሚደረገው ክርክር ግን ከንቱ አይደለም። ልዩነት በእርግጥ አለ፤ ከየት እንደሚመጣ ግን በጠርሙሱ ላይ አይጻፍም። «ፕሪሚየም» የሚለው ቃል ስለ ብቅሉ ጥራትም ሆነ ቢራው በቅዝቃዜ ስለቆየበት ጊዜ ምንም አይናገርም። «ፒልስነር» የሚለውም ዛሬ ዛሬ በብዙ አገር ከጌጥነት አያልፍም።

የላገርን ጣዕም የሚወስኑት አምስት ነገሮች ናቸው፦ ብቅሉ፣ ሆፑ (ለቢራ መራርነትና መዓዛ የሚሰጠው የተክል አበባ)፣ ውሃው፣ እርሾው እና ጊዜው። ስድስተኛውን፣ ማለትም ቢራው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሚያያዝበትን መንገድ፣ ብዙ ሰው አይቆጥረውም። ኢትዮጵያ ውስጥ በጠጪው ብርጭቆ ውስጥ የሚገኘውን ጣዕም በብዛት የሚያበላሸው ይኸው ስድስተኛው ነው ብለን እናምናለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእርሾው እንጀምር። ላገርን ላገር የሚያደርገው ቀለሙ አይደለም፤ ጥቁር ላገርም አለና። የላገር እርሾ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ እየሠራ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ጋኑ ታች ይሰፍራል። ኤል የሚባሉት፣ በሙቀት የሚፈሉት ቢራዎች እርሾ ግን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል፤ በዚያ ሙቀትም የሙዝ፣ የቤሪ፣ አንዳንዴም የቅመም ሽታ ያወጣል። የላገሩ እርሾ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነው። አንደኛው ወላጁ ለዳቦና ለኤል የሚያገለግለው የታወቀው እርሾ ነው። ሁለተኛው ቅዝቃዜን የሚቋቋም የዱር እርሾ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በ2011 በአርጀንቲና ፓታጎንያ ደን ውስጥ ከዛፍ ላይ አግኝተው እስካሳወቁበት ጊዜ ድረስ ማንነቱ አይታወቅም ነበር። እርሾውን ከሌሎች ተሕዋስያን ለይቶ በንጹሕ የማራባት ዘዴን በ1883 ለፍሬ ያበቃው በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስትያን ሐንሰን ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚጠመቅ እያንዳንዱ ጋን ላገር የዚያ ሥራ ተጠቃሚ ነው።

ቀዝቃዛ እርሾ ሽታ አያበዛም። ይህ የላገር ውበት ነው፤ ፈተናውም እሱው ነው። ጥቁር ስታውት ትንሽ ጉድለት ቢኖርበት የተቆላው ብቅል ይሸፍንለታል። ወርቃማ ላገር ግን መሸፈኛ የለውም፤ የቅቤ ሽታ፣ የተቀቀለ በቆሎ ሽታ፣ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም፣ ትንሹም ሁሉ ይወጣል። ጠማቂዎች ቀላል የሚመስለውን ቢራ ከባዱ ሥራ የሚሉት ለዚህ ነው።

የቀዝቃዛ ጠመቃ አገሩ የደቡብ ጀርመኗ ባቫሪያ ነው። በ1553 የወጣ የባቫሪያ ደንብ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ እነሱ ኤፕሪል 23 ከሚያከብሩት፣ እስከ ቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ እስከ ሴፕቴምበር 29 ድረስ ቢራ መጥመቅን ከለከለ። በአውሮፓ በጋ፣ በሞቃቱ ወቅት፣ የተጠመቀ ቢራ ይበላሽ ነበርና። ጠማቂዎቹ በቀዝቃዛው ክረምታቸው መጨረሻ የጠመቁትን በዋሻና በምድር ቤት ውስጥ በበረዶ እያቀዘቀዙ ለበጋ አቆዩት። በዚያ ቅዝቃዜ ተመርጦ የተረፈው የዛሬው የላገር እርሾ ዘር ሆነ። ያ ቢራ ግን ቡናማ ነበር እንጂ ወርቃማ አልነበረም።

ወርቃማው የተወለደው ከድንበሩ ማዶ በቦሄሚያ (በዛሬዋ ቼክ)፣ በፕልዘን ከተማ ነው። በ1838 የከተማዋ ሰዎች በቢራቸው መበላሸት ተማረው 36 በርሜል በአደባባይ ደፉ። ከዚያም በጋራ አዲስ ጠመቃ ቤት ሠርተው ዮሴፍ ግሮል የተባለ ጠማቂ ከባቫሪያ አስመጡ። ግሮል ኦክቶበር 5 ቀን 1842 የጠመቀው ቢራ ሦስት ነገሮች የተገጣጠሙበት ነበር። በሞቀ አየር ብቻ የደረቀ፣ ጭስ ያልነካው ፈዛዛ ብቅል ነበረው፤ ከዛቴትስ አካባቢ የሚመጣ ለስላሳና መዓዛማ ሆፕ ነበረው፤ የፕልዘን ውሃ ደግሞ ማዕድን የሌለው ያህል የለሰለሰ ነው። የሦስተኛው ጥቅም በቀላሉ አይታይም። የሙኒክ ውሃ ካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ ፈዛዛ ብቅል ሲገባበት የአሲድ መጠኑ አይስተካከልም፤ ሆፑም ጉሮሮ የሚቧጥጥ መራራ ይሆናል። ጥቁር ብቅል አሲድ ስላለው ያን ያስተካክል ነበር፤ ሙኒክ ለረጅም ዘመን የጥቁር ላገር ከተማ ሆና የቆየችው ስለዚህ ነው። ዛሬ ማንኛውም ፋብሪካ ውሃውን አጣርቶ የፈለገውን ዓይነት ያደርጋል፤ ያን ማድረግ የዘነጋ አነስተኛ ጠማቂ ግን አሁንም የሙኒክን የጥንት ችግር ያገኘዋል።

ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ የሠራው የማቀዝቀዣ ማሽን ሙኒክ በሚገኘው ሽፓተን ጠመቃ ቤት ሲተከል ክረምትን መጠበቅ ቀረ። ላገር ከዋሻ ወጥቶ ሞቃት አገር ሁሉ የሚጠመቅ ቢራ ሆነ። የአዲስ አበባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 ሲቋቋም ይህ ሥልት ዓለምን አዳርሶ ነበር።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንግባ። ለመለየት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። አንደኛው ፕላቶ ይባላል፤ ከመፍላቱ በፊት ባለው የብቅል ጭማቂ ውስጥ ከመቶ ግራም ስንቱ ግራም ስኳርና ሌላ የሟሟ ነገር እንደሆነ ያመለክታል። 12 ፕላቶ ማለት ከመቶ ግራም 12 ግራም ማለት ነው። ሁለተኛው የመራርነት መለኪያው አይቢዩ ነው። በዚህ ላይ እርሾው ስኳሩን ምን ያህል እንደጨረሰው ሲጨመር የቢራው መልክ ተሟልቶ ይታያል። ሁለት ቢራዎች ከ12 ፕላቶ ተነሥተው አንዱ 4.4 በመቶ፣ ሌላው 5 በመቶ አልኮል ሊኖራቸው ይችላል። የመጀመሪያው ያልተበላ ስኳር ስለቀረለት ወፍራምና ለስላሳ፣ ሁለተኛው ደረቅና ቀጭን ይሆናል። በግሮሰሪ «ይከብዳል፣ ይቀላል» የሚባለው ልዩነት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ የአልኮሉ መጠን ብቻ አይደለም።

የቼክ ፒልስነር የመጀመሪያው ዓይነት ምሳሌ ነው። የግሮል ቢራ ዘር የሆነው ፒልስነር ኡርክዌል አልኮሉ 4.4 በመቶ ብቻ ነው፤ አፍ ውስጥ ግን ከ5 በመቶው ይልቅ ይሞላል። የብቅሉን ክፍል ሦስት ጊዜ ለብቻ አፍልቶ ወደ ዋናው ጋን የመመለስ የጥንት ዘዴ እስከ ዛሬ አልተወም፤ ወርቅነቱ ጠቆር የሚለውና የዳቦ ቅርፊት ጣዕም ያለው ስለዚህ ነው። መራርነቱም ከ30 እስከ 45 አይቢዩ በሚደርሰው የዓይነቱ ክልል ውስጥ ነው፤ ይህም ኢትዮጵያ ውስጥ ከለመድነው እጅግ የበረታ ነው። ቼኮች ቢራ ሲያዝዙ በፕላቶው ይጠሩታል፦ «አሥር» ወይም «አሥራ ሁለት» ይላሉ። ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ለጠጪው የሚጠቅም አጠራር ነው፤ እኛም አገር በጠርሙስ ላይ ቢጻፍ መልካም ነበር።

የጀርመን ፒልስ ከቼኩ የቀጠነ፣ የነጣና የደረቀ ነው፤ ሆፑ መጨረሻ ላይ ሹል ሆኖ ይቀራል። በተቃራኒው የሙኒኩ ሄለስ ሆፑን ወደ ኋላ አድርጎ ብቅሉን ያስቀድማል፦ ከ16 እስከ 22 አይቢዩ፣ 5 በመቶ ገደማ አልኮል፣ ለስላሳና ጣፋጭ ቀመስ። የፕልዘን ወርቃማ ቢራ የሙኒክን ገበያ ስለወሰደበት ሽፓተን ሄለስን በ1894 አወጣ። የዶርትሙንድ ኤክስፖርት በሁለቱ መካከል የቆመ፣ ትንሽ ጠንከር ያለ የፋብሪካ ሠራተኞች ቢራ ነበር፤ ዛሬ ተመናምኗል። ሄለስ ቦክ አልኮሉ ወደ 7 በመቶ ይደርሳል፤ ኬለርቢር ደግሞ ሳይጣራ ደፍርሶ ይቀርባል።

የአሜሪካው ላገር ከእነዚህ የሚለየው በእህሉ ነው። ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ጀርመን ጠማቂዎች በዚያ ያገኙት ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ፕሮቲኑ ብዙ ስለነበር ቢራውን አደፈረሰባቸው። ፕሮቲን የሌላቸውን በቆሎና ሩዝ ቀላቅለው አቀጠኑት፤ መራርነቱም ከ8 እስከ 18 አይቢዩ ድረስ ወረደ። ከዚያ የባሰ የቀጠነው «ላይት» ነው፤ እርሾ የማይበላውን ስኳር ጭምር በኢንዛይም ቆራርጦ እንዲፈላ በማድረግ ይሠራል። የጃፓኑ አሳሂ በ1987 ያወጣው «ሱፐር ድራይ» ደግሞ የመጨረሻ ጥፍጥናውን ያስቀረ ነው።

የኢትዮጵያ ወርቃማ ላገሮች አብዛኞቹ የሚመደቡት በዓለም አቀፉ ላገር ውስጥ ነው። ይህ ዓይነት በአውሮፓው ፒልስና በአሜሪካው ላገር መካከል ያለ፣ አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ የሆነ፣ መራርነቱ የተለዘበ፣ የትም ቢጠጣ የማያስደነግጥ ቢራ ነው። ሔኒከንም ከዚሁ ወገን ነው። በደንብ ሲሠራ ጥም የሚቆርጥ ንጹሕ መጠጥ ነው፤ መናቅ አይገባውም።

ስለ ጭማሪ እህል ብዙ ይባላል። በ1516 የወጣው የባቫሪያ ሕግ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ሌላ አይግባ ይላል። በቆሎ፣ ሩዝ ወይም ስኳር የገባበት ቢራ ግን በራሱ የተበላሸ አይደለም። እስከ 30 በመቶ ድረስ በጥንቃቄ ሲገባ ቢራውን ያቀለዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ እርሾው የሚመገበው ናይትሮጅን ያንሰዋል፣ አረፋው ይሳሳል፣ ጣዕሙም ውሃ ውሃ ይላል። ሲደበቅ ነው ነውሩ። ጠጪው በጠርሙሱ ጀርባ «ብቅል፣ በቆሎ» ተብሎ ቢነገረው ይበቃዋል።

ለኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። አገራችን የገብስ አገር ሆና ሳለ የቢራ ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ብቅል በውጭ ምንዛሪ ሲያስመጡ ቆይተዋል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ የጎንደሩም በኋላ ቢሠሩም ፍላጎቱን አልደረሱበትም። በቅርብ ዓመታት የፈረንሳዩ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ፣ ቦርትማልት ደግሞ በደብረ ብርሃን ትልልቅ ብቅል ፋብሪካዎችን ከፍተዋል። ማነቆው አሁን ያለው ማሳው ላይ ነው። ለቢራ የሚፈለገው ገብስ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ፣ የመብቀል አቅሙም 95 በመቶና ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባዋል። ገበሬው ምርት ለመጨመር ዩሪያን ዘግይቶ ሲበትን ወይም ዝናቡ ቀድሞ ሲቆም ፕሮቲኑ ይወጣል፤ ፍሬው ይቀጭጫል፤ ፋብሪካው ይመልሰዋል። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ወይም በመውቂያ የተሰበረ ገብስ ደግሞ አይበቅልም። ለእንጀራና ለበሶ የሚሆን ጥሩ ገብስ ለቢራ ላይሆን እንደሚችል ለአርሲና ለባሌ ገበሬ አስቀድሞ ሊነገረው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ሊለይለት ይገባል።

የጠላ ብቅል የምታዘጋጅ ባለሙያ ሥራውን ታውቀዋለች፦ ማራስ፣ ማብቀል፣ ማድረቅ። በፋብሪካው ገብሱ እርጥበቱ 42 እስከ 46 በመቶ እስኪደርስ ይነከራል፤ ከአራት እስከ አምስት ቀን ይበቅላል፤ በመጨረሻም ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት ይደርቃል። ይህ የመጨረሻ ሙቀት ቀለሙን ይወስናል። ከፍ ካለ ብቅሉ ይጠቁራል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ የተቀቀለ በቆሎ ሽታ የሚያመጣው ዲኤምኤስ የሚባለው ውህድ መነሻው በብዛት ውስጡ ይቀራል። ፈዛዛ ብቅል በባሕርዩ ይህ ችግር አለበት።

እዚህ ላይ የደጋው አየር ይገባል። ብቅሉ ተፈጭቶ ከ62 እስከ 65፣ ቀጥሎም ወደ 72 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ከተለወጠ በኋላ ጭማቂው ከሆፕ ጋር ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይፈላል። መጽሐፍ ሁሉ ይህን ሰዓት የሚሰጠው ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ቆጥሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 91 ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሆፑ መራራ ውህድ ወደሚሟሟው መልኩ የሚለወጥበት ፍጥነት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የዲኤምኤስ መነሻው ተሰባብሮ በእንፋሎት እስኪወጣም ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ድስቱን ዘግተው በመጠነኛ ግፊት በማፍላት ይህን ይፈታሉ። ክፍት ድስት ያለው አነስተኛ ጠማቂ ግን የአውሮፓን የሥራ ቅደም ተከተል እንዳለ ከገለበጠ መራርነቱ ያነሰ፣ በቆሎ በቆሎ የሚሸት ቢራ ያገኛል። ሆፕ መጨመር መራርነቱን ይመልሳል፤ ሽታውን ግን አያስወግድም። ለሽታው መፍትሔው ድስቱን ሳይከድኑ በደንብ እያንፈቀፈቁ ረዘም አድርጎ ማፍላት፣ ከዚያም በፍጥነት ማቀዝቀዝ ነው።

ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾው ይጨመርና ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈላል። እርሾው ሲሠራ ዳያሲታይል የሚባለውን፣ የቅቤ ሽታ ያለውን ነገር ያወጣል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ራሱ መልሶ ይበላዋል። በአንድ ሊትር 0.1 ሚሊግራም ገደማ ከቀረ ብዙ ሰው ይሸተዋል። ስለዚህ መፍላቱ ሊያልቅ ሲል ሙቀቱን ወደ 15 ዲግሪ አድርሶ ለሁለት ለሦስት ቀን ማቆየት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ እርሾው ነቅቶ ያጸዳዋል። ፋብሪካው ቸኩሎ በቀጥታ ካቀዘቀዘው እርሾው ይተኛል፤ ቅቤውም ይቀራል።

ቀጥሎ ዋናው ቆይታ ነው፤ በ0 ዲግሪ አካባቢ፣ በረዶ ሳይሆን፣ ለሳምንታት። በዚህ ጊዜ የአረንጓዴ ፖም ሽታ ያለው አሴታልዴሃይድ ይጠፋል፣ ፕሮቲንና ታኒን ተያይዘው ይዘቅጣሉ፣ ጋዙም ይዋሃዳል። የቼኩ ቡድቫር 90 ቀን እንደሚያቆይ ይናገራል። የዘመኑ ትልልቅ ፋብሪካዎች በጠንካራ ማጣሪያና በማጥሪያ ንጥረ ነገሮች እየታገዙ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጨርሳሉ። ማጣሪያ ግን ቢራውን ያጠራዋል እንጂ አያበስለውም። ፍላጎት በሚንርበት በበዓል ሰሞን መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ጊዜ ነው፤ ቢራ የተኛበት ጋን ሌላ አይጠመቅበትምና ጊዜው ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ቢራውን በ15 ወይም በ16 ፕላቶ አወፍረው ጠምቀው መጨረሻ ላይ ኦክስጅን በወጣለት ውሃ ያቀጥኑታል፤ ጋን ይቆጥባል፣ በጥንቃቄ ሲሠራም ጉዳቱ አይታይም። ውሃው ኦክስጅን ከያዘ ግን ቢራው ሱቅ ሳይደርስ ያረጃል።

ከፋብሪካ በኋላ የቢራ ጠላቶች ሦስት ናቸው፦ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ኦክስጅን። ብርሃን ከሆፑ መራራ ውህድ ጋር ሲገናኝ ስካንክ እንደሚባለው ክፉ ሽታ የሚረጭ አውሬ፣ እንደ ተቃጠለ ጎማ የሚሸት ነገር ይፈጥራል፤ ለቀጥታ ፀሐይ ደቂቃዎች ይበቁታል። ቡናማ ጠርሙስ አብዛኛውን ጎጂ ብርሃን ያግዳል፤ አረንጓዴው ጥቂቱን ብቻ፣ ነጩ ምንም አያግድም። የአረንጓዴ ጠርሙስ ቢራ በመስኮት ዳር ወይም አምፖል በተተከለበት መስታወታማ ፍሪጅ ፊት ለፊት ተደርድሮ ከዋለ ከኋላ ያለውን መጠየቅ ይሻላል።

ቡናማውም ከሙቀት አያመልጥም። ቢራ የሚያረጅበት ፍጥነት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። በ5 ዲግሪ ወራት የሚቆይ ቢራ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር በ35 ዲግሪ ቢቀመጥ በጥቂት ሳምንት የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ይይዛል። በጠርሙስ መሞያው ላይ በ60 ዲግሪ የሚደረገው ፓስቸራይዜሽን ተሕዋስያንን ይገድላል፤ እርጅናን ግን አያቆምም። ከአዲስ አበባ በጂቡቲ በኩል በመርከብ ተጭኖ ዋሽንግተን የሚደርሰው ቢራም እንዲሁ ነው፤ የቀይ ባሕርን ሙቀት በኮንቴይነር ውስጥ አልፎ ስለሚሄድ እዚያ ያለ ወገን «ጣዕሙ ተለወጠ» ቢል አልተሳሳተም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን የተመረተበትን ቀን አይቶ ከሦስት ወር ያልበለጠውን መምረጥ ቀላሉ መከላከያ ነው። በግሮሰሪ በር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው የዋለን ሳጥን ማታ ፍሪጅ ማስገባት የደረሰበትን ጉዳት አይመልስም።

ድራፍት ሌላ ችግር አለው። ብዙ ጊዜ ፓስቸራይዝ ስለማይደረግ ከፋብሪካ እስከ ጃንቦ ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በርሜሉ ከተከፈተ በኋላም በቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይገባዋል። ቧንቧው በየሁለት ሳምንቱ በማጽጃ ካልታጠበ በውስጡ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ኮምጣጤነትና የቅቤ ሽታ ያመጣሉ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ጃንቦ ቢኮመጥጥና ሦስተኛው ደህና ቢሆን ጥፋቱ የፋብሪካው ሳይሆን የቧንቧው ነው።

አቀራረቡም ራሱን የቻለ ነገር አለው። በረዶ ሊሆን የደረሰ ቢራ ምላስን ያደነዝዛል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ያደርጋል። ወርቃማ ላገር ከ5 እስከ 8 ዲግሪ፣ ማለትም ከፍሪጅ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ፣ ብቅሉና ሆፑ ይሰማል። ብርጭቆው ቅባት ከነካው አረፋው ይሞታል፤ ጋዙም በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ጥብስ በሚቀርብበት ቤት የቢራ ብርጭቆ ከሳህን ጋር በአንድ ስፖንጅ መታጠብ የለበትም። ለብቻው ታጥቦ፣ በጨርቅ ሳይወለወል ተደፍቶ ይድረቅ፤ ከመቅዳትም በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ። ሲቀዳ አዘንብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ ቀጥ በማድረግ ሁለት ጣት ያህል አረፋ ማስያዝ ተገቢ ነው። አረፋውን የሚንቅ አስተናጋጅ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሆፑን መዓዛ ወደ አፍንጫ የሚያደርሰው፣ ቢራውንም ከአየር የሚከልለው እሱ ነው።